ምነው በእንቁላሉ ጊዜ፦ የወታደራዊ በረራ አዛዦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጁን 24 ቀን 1994 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፌርቻይልድ የአየር ኃይል ሰፈር። አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ ለአየር ትርኢት ሲለማመድ ቆይቶ ሊያርፍ ሲል ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ነበረ። ስለዚህ መቆጣጠሪያ ማማውን ወደ ግራ መዞር ጀመረ። ከፍታው 250 ጫማ ነው፤ 76 ሜትር ገደማ። የአውሮፕላኑ ክንፍ ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ 56 ሜትር ነው። አጋደለ፣ አሁንም አጋደለ፣ በመጨረሻ በጎኑ መሬት ገባ። ውስጡ የነበሩት አራት መኮንኖች ሁሉም ሞቱ።

አብራሪው ሌተናል ኮሎኔል አርተር ሆላንድ ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ "ሰውየው አብዷል እንዴ?" ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ማን ፈቀደለት?

ስህተት 1፦ ጎበዝን ከደንብ በላይ ማድረግ

ሆላንድ ከ5,000 ሰዓት በላይ የበረረ፣ "እጁ ወርቅ ነው" የሚባልለት ዓይነት ሰው ነበር። የሚገርመው ሥራው ነው። በሰፈሩ የሌሎች አብራሪዎችን ብቃትና ደንብ አክባሪነት የሚመዝነውን ክፍል ይመራ ነበር። ደንብ አስከባሪው ሲጥስ ታዲያ ለማን ይነገራል?

ስህተት 2፦ በቃል ገሥጾ መተው

ተረቱን ታውቁታላችሁ። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለችው። አድጎ በሬ ሰርቆ ሲያዝ "ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" አላት። ሆላንድ ከ1991 ጀምሮ በትርኢትም በልምምድም የከፍታና የማጋደል ወሰን ሲጥስ በአለቆቹ ፊት ነው። ያገኘው ቢበዛ የቃል ተግሣጽ ነበር። አዛዦቹ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀያየሩ ነበር። አለቃ ሲዛወር በቃል የተነገረው ነገር አብሮት ይሄዳል። አዲሱ መጥቶ መዝገብ ቢገልጥ ባዶ ነው፤ ለእሱ ጥፋቱ ሁሌም የመጀመሪያ ነው። ሁለት መስመር የምትሆን ወረቀት ብትኖር ኖሮ!

ስህተት 3፦ የበታች አዛዥ "አግዱት" ሲል አለመስማት

ይሄኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ማርች 1994 ያኪማ በሚባለው የተኩስ መለማመጃ፣ የሆላንድ አውሮፕላን አንድን ሸንተረር ያለፈው በአንድ ሜትር ገደማ ነው። ረዳቱ መሪውን ይዞ ባይስበው ኖሮ ነገሩ ያኔ ያበቃ ነበር። የስኳድሮኑ አዛዥ ሌተናል ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን ይህን ሲሰማ ለአለቃው ለኮሎኔል ዊልያም ፔለሪን አመለከተ። ሰውየው ከበረራ ይታገድ አለ። ፔለሪን ሆላንድን ጠርቶ ገሠጸው እንጂ አላገደውም። አልመዘገበውም፣ ለበላዩም አልነገረም።

ማክጊሃን ምን ያድርግ? በእጁ የቀረው አንድ ነገር ነበር። "ከእኔ ሰዎች ማንም ከእሱ ጋር አይበርም፤ ረዳት ካስፈለገ እኔ እቀመጣለሁ" ብሎ ወሰነ። ያን ቀን ከሆላንድ ጎን የነበረው እሱ ነው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከታች ሆነው ያዩ ነበር።

ስህተት 4፦ ወሰን ሰጥቶ አለመቆጣጠር

ለ1994ቱ ትርኢት የሰፈሩ ዋና አዛዥ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳያጋድል አዝዞ ነበር። ጁን 17 በተደረገው የመጀመሪያ ልምምድ ሆላንድ ትእዛዙን አላከበረም። ዋናው አዛዥ ጋ የደረሰው ሪፖርት ግን "ሁሉም በወሰኑ ውስጥ ነው" የሚል ነበር።

ስህተት 5፦ መዝገቡን በሟች አብራሪ መዝጋት

ሟች አይከራከርም፤ ለሁሉም ይመቻል። በፌርቻይልዱ ጉዳይ ቢያንስ ፔለሪን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ግዴታውን ባለመወጣት ጥፋተኝነቱን አምኖ፣ በ1995 7,500 ዶላር ተቀጣ። ለአራት ሰው ነፍስ ብዙ ነው ትላላችሁ?

እንግሊዞች የተሻለ መንገድ ሄደዋል። በ2006 አፍጋኒስታን ውስጥ ካንዳሃር አቅራቢያ ናይምሮድ የተባለ የቅኝት አውሮፕላናቸው በአየር ላይ ተቃጥሎ 14 ሰዎች ሞቱ። በ2009 የወጣው የምርመራ ሪፖርት አብራሪዎቹን አልነካም። የአውሮፕላኑን የደኅንነት ግምገማ ያበላሹትን ጨምሮ፣ ቢሮ የተቀመጡ 10 ሰዎችን በስም ጠራ። በቀጣዩ ዓመት ወታደራዊ በረራን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ስህተት 6፦ ሁሉን ለመቅጣት መሮጥ

ተጠያቂነት ሲባል ደግሞ ዱላ ብቻ የሚታየው አለቃ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ስህተቱን ይደብቃል። የአሜሪካ አየር ኃይል ለዚህ ሁለት ምርመራ ያካሂዳል። በአንደኛው የሚሰጥ ምስጢራዊ ቃል ለቅጣት አይውልም፤ ዓላማው ሌላ አደጋ እንዳይደርስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለሕግና ለሕዝብ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅል አለቃ እውነቱን አያገኝም።

ይህ ሁሉ ተጽፎ፣ የፌርቻይልዱ ታሪክ በየወታደራዊ ትምህርት ቤቱ እየተነገረ፣ 16 ዓመት አለፈ። ጁላይ 28 ቀን 2010፣ አላስካ፣ ኤልመንዶርፍ። ሲ-17 ማጓጓዣ አውሮፕላን ለአየር ትርኢት ሲለማመድ፣ ዝቅ ብሎ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ዞረ፤ ተከሰከሰ። የሞቱት አራት ናቸው። መርማሪዎቹ አብራሪውን ብቻ አልወቀሱም፤ የትርኢት በረራው ቁጥጥር ልል እንደነበርም ጻፉ።