«ቢሊ ባድ»ን ስታነቡ ካፒቴኑን በእርሳስ ተከተሉት

የኸርማን ሜልቪል «ቢሊ ባድ» ቀጭን መጽሐፍ ናት። በአንድ ቁጭታ ታልቃለች፤ ችግሩም እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ አልቅሼ ዘጋኋት እንጂ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ሁለቴ አንብቧት።

አንደኛው ዙር ለታሪኩ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1797፣ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር እየተዋጋች፣ በዚያው ዓመት ስፒትሄድና ኖር በተባሉ የመርከብ ማረፊያዎቿ ላይ የገዛ መርከበኞቿ አምፀውባታል። ይቺን አትዝለሏት፤ መኮንኖቹ ትንሽ ሹክሹክታ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡት ለዚህ ነው። ቢሊ ከንግድ መርከብ ላይ ታፍሶ ነው ወደ ጦር መርከብ የመጣው። የተወሰደበት መርከብ ስም ደግሞ «የሰው መብት»! (ጓደኛችሁ ጋ ያለው ቅጂ ለጦር መርከቡ ከእናንተ ቅጂ የተለየ ስም ቢሰጠው አትጣሉ፤ ሜልቪል ሳይጨርሰው በ1891 ሞቶ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1924 ነው፤ ስሙ እንደ እትሙ ይለያያል።)

ሥርዓት አስከባሪው ክላጋርት «ሊያሳምፅ ነው» ብሎ ቢሊን ፊት ለፊት ይከሰዋል። ቢሊ ሲደነግጥ ምላሱ ይተሳሰራል። ካፒቴን ቪር እንደ አባት «አይዞህ፣ ቀስ በል» ሲለው ጭራሽ ይብስበታል። ከዚያ አንድ ቡጢ፣ ክላጋርት ሞተ።

ሁለተኛው ዙር ላይ እርሳስ ያዙ፣ ቪር የሚያደርገውን ሁሉ ዳር ላይ ጻፉ። ገና ችሎት ሳይሰየም «መልአኩ መሰቀል አለበት» ይላል፤ መልአክ ያለው ቢሊን ነው። ብቸኛው የዓይን ምስክር እሱ፣ ችሎቱን የሰየመው እሱ፣ ዳኞቹን የመረጠው እሱ፣ ሲያመነቱም ተነስቶ የሚሞግታቸው እሱ። ሐኪሙ ልጁ ታስሮ ይቆይ፣ ጉዳዩ ለአድሚራሉ ይቅረብ ባይ ነው፤ ሌሎቹም መኮንኖች እንደዚያው ያስባሉ። ማን ሰማቸው? በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰቀሉት።

በቡድን ከሆነ የምታነቡት፣ «ቢሊ ንጹሕ ነው ወይ?» በሚል ክርክር ምሽታችሁን አታቃጥሉ። ልጁ ክፋት እንደሌለበት ቪር ራሱ ያምናል፤ ሕጉ ሐሳብን ሳይሆን ድርጊትን ነው የሚያየው ብሎ ነው የሚሟገተው። «ለምን እንዲህ ተቸኮለ?» ብላችሁ ጀምሩ። እኔ በበኩሌ ጥድፊያው የቪር ነው እላለሁ፣ አመፁን ፈርቶ ነው የሚለኝ ሰው ግን መልስ ያሳጣኛል።

መጨረሻ አካባቢ የባሕር ኃይሉ ጋዜጣ ዘገባ አለ። እሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ክላጋርት አገር ወዳድ ነበር፣ ቢሊ በቢላ ወግቶ ገደለው ይላል።