የሰፈርን ግድግዳ ለሰፈሩ ሰው መሳል፦ ለድሬዳዋ ሠዓሊዎችና ወጣቶች

በድሬዳዋ በአንድ የሰፈር ግድግዳ ላይ ነዋሪውን የሚያከብር ሥዕል ለመሥራት ያሰበ ሰው ወደ ቀለም መደብር ከመሄዱ በፊት ግድግዳው ፊት ለፊት ያሉትን ደጃፎች ማንኳኳት ይኖርበታል። ሠዓሊው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ማዶ ቡና የምታፈላው እናትና ጥግ ይዞ ባጃጁን የሚያቆመው ልጅ ግን ከሥዕሉ ጋር ለዓመታት ይኖራሉ። ስለዚህ ጎረቤቶችን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም አነጋግሮ «እዚህ ላይ ማንን ብታዩ ደስ ይላችኋል?» ብሎ መጠየቅ የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ነው። የግድግዳው ባለቤት ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ቀበሌውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ግድግዳው ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚዋሰን እንደሆነም የሰው ምስል መሳሉን የሚመለከታቸው አባቶችና ሽማግሌዎች ቀድመው ሊሰሙት ይገባል።

ስለ ድሬዳዋ ሲታሰብ የሁሉም እጅ ወደ ባቡሩ ይሄዳል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች ናትና አያስገርምም፤ ሆኖም ባቡሩን ብቻ ከመሳል ይልቅ ባቡሩን ሲጠግን የኖረውን ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥታ ቀፊራ ገበያ ላይ የምትቸረችረውን ሴት፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎረቤቱን ያወጣውን ሰው መሳል ሰፈሩ ራሱን እንዲያይ ያደርገዋል። የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች በደቻቱ ይለያያሉ፤ የሁለቱን ማዶ ሰዎች በአንድ ግድግዳ ላይ ማገናኘት ደግሞ ለሠዓሊ የተተወ መልካም ሥራ ነው።

የማን ፊት ይታያል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መታየት ለአንዱ ክብር ሲሆን ለሌላው አደጋ ነው። በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ማንነታቸውንና ማኅበራቸውን በአደባባይ ግድግዳዎች ላይ ሲያከብሩ ቆይተዋል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠዓሊዎች በጋራ በሚሥሉበት በክላሪዮን መተላለፊያ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪት ሃሪንግ ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ለዚሁ ማኅበረሰብ የሣለው ሥዕል ወደ መንገድ አልወጣም፤ በማኅበረሰቡ ማዕከል ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው ያረፈው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ ግንኙነት በወንጀል ያስቀጣል፤ በስም መታወቅም ከቤት መባረርንና ድብደባን ሊያስከትል ይችላል። እነዚህ ሰዎች በዚሁ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ በዚሁ ዕድር የሚያለቅሱ ልጆቻችን ናቸው፤ ስለዚህ ማክበር የሚፈልግ ሠዓሊ ቀዳሚ ግዴታው ማንንም አለማጋለጥ ነው። ፊት አይሣል፤ ስም፣ የስም መነሻ ፊደል፣ የሚታወቅ ልብስ ወይም ደጃፍም አይግባ። ለንድፉ የተሰበሰበ ፎቶግራፍ ሥራው ሲያልቅ ከስልክ ላይ ይጥፋ፤ የተሳታፊዎች የስም ዝርዝርም አይያዝ። ጀርባቸውን ሰጥተው በአንድ ሰፌድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች፣ በልዩ ልዩ ቀለም የተሰፋ የሐረሪ ሰፌት፣ አንዱ የሌላውን የያዘ እጅ፣ እነዚህ ማንንም ሳይጠቁሙ ብዙ ሰው «እኔም አለሁበት» እንዲል ያስችላሉ። ፊታቸው የሚታይ ሰዎችም ቢሆኑ ንድፉን በወረቀት አይተው መስማማት አለባቸው፤ ሐሳባቸውን የቀየሩ እንደሆነ ያለ ክርክር ይቀየር።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። አሮጌው ላይ የተላላጠው ቀለም በመፋቂያ ይነሣ፤ ሥሩ አካባቢ ነጭ ጨዋማ ብናኝ ከታየ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነውና ምንጩ ሳይደፈን ቀለም ማስነካት ገንዘብ መጣል ነው። ብናኙም በውኃ ከመታጠቡ በፊት በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ውኃ ከቀደመ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ልስኑ ይገባል። ስንጥቁ በሲሚንቶ እንጂ በጀሶ አይደፈን፤ ጀሶ ዝናብ አይችልም። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሸት፣ መሠረት ቀለም ይቀባ። ለሥዕሉ ከዘይት ቀለም ይልቅ ለውጭ ግድግዳ የተሠራ፣ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ይሻላል፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳልና።

የድሬዳዋ ፀሐይ ቀለምን ያለ ርኅራኄ ይበላል። ቀይና ቢጫ ሲመረጥ ከብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ከአፈር ቀለም የተሠራው ይመረጥ፤ ደማቅ ሮዝና ርካሽ ቀይ ቶሎ ይገረጣሉ። በከተማው አቅራቢያ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሰዎች ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ይህንኑ ቀይ አፈር ሲፈጩ እንደነበር በቁፋሮ ከተገኙት ከ4,000 በላይ ቁርጥራጮች ታውቋል፤ እንዲህ ባለ ምድር ላይ የሚሠራ ሠዓሊ የአፈርን ቀለም ማክበሩ ተገቢ ነው።

ንድፉን በወረቀት ላይ በካሬ ከፋፍሎ፣ ያንኑ ካሬ ጠመኔ በተቀባ ክር ግድግዳው ላይ በትልቁ ማስመር እጅግ አስተማማኝ መንገድ ነው፤ የሰፈሩ ልጆችም አንድ አንድ ካሬ ተሰጥቷቸው ሊሞሉት ይችላሉ። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ባለ ወቅት፣ በማለዳ ተጀምሮ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ቢቆም ጥሩ ነው፤ በጋለ ግድግዳ ላይ ቀለም ሳይያያዝ ይደርቃል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፈጽሞ አይነካ።

ከሥራው የተረፈው ቀለም በጥብቅ ተከድኖ፣ የትኛው የሥዕል ክፍል ላይ እንደዋለ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎበት፣ ግድግዳው አጠገብ ባለ ጥላ ቤት ይቀመጥ። ጭቃ የሚረጨው የታችኛው ጠርዝ በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ታይቶ በዚያው ቀለም ይታደስ።