ባለከፍተኛ ግፊት የውሃ ማጠቢያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት
በአዲስ አበባ ለመኪናና ለግቢ እጥበት ባለከፍተኛ ግፊት የውሃ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የቤቱን ውሃ ቢመረምር ይበጃል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሽን በደቂቃ ከ5 እስከ 8 ሊትር ገደማ ስለሚወስድ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ሰዓት ይዞ መለካት ቀላሉ ፈተና ነው፤ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ከፈጀ ፓምፑ ውሃ እያጠረው አየር ሊስብና ሊበላሽ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ ለመጠቀም የሚያስብ ደግሞ ማሽኑ ውሃን በራሱ ስቦ የሚሠራ መሆኑን ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ግቢያቸው ኮብልስቶን ለሆነ ሰዎች ግን፣ ግፊቱ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ስለሚያወጣ፣ ብዙም አልመክርም። መኪናውን በወር አንዴ ብቻ የሚያጥብ ሰውም ላቫጆ መሄዱ ሳያዋጣው አይቀርም።