ጊዜያዊ ኬሲንግ አልነቀልም ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ጊዜያዊ ኬሲንግ ፓይል (መሬት ውስጥ የሚሞላ የኮንክሪት ምሰሶ) ሲሠራ የጉድጓዱ አፈር እንዳይናድ የሚገባ የብረት ቱቦ ነው፤ ኮንክሪት ሲሞላ ተስቦ ይወጣል።

ከመነሻው ንቅንቅ አይልም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከማሽኑ ሳይሆን ከስሌቱ ነው። የብረቱን ክብደት ብቻ አይቶ ክሬን የሚመርጥ ብዙ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ኬሲንግ 34 ኪሎኒውተን (3.5 ቶን) ገደማ ይመዝናል። አፈር የጨበጠው ገጹ ግን 37.7 ካሬ ሜትር ነው። ሰበቃውን በካሬ ሜትር 20 ኪሎኒውተን ብንይዝ 754 ይመጣል። ከውስጥ ትኩስ ኮንክሪት በካሬ ሜትር 2 ቢይዘው ሌላ 74 ይጨመራል። ድምሩ 862 ኪሎኒውተን፣ ወደ 88 ቶን ነው፤ የብረቱ ክብደት ከዚህ 4 በመቶ ብቻ።

20 እና 2 ለምሳሌ የተያዙ ናቸው። እውነተኛውን የውጭ ሰበቃ የሚነግራችሁ ኮንክሪት ከመሞላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኬሲንጉን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስቦ መሞከር ነው። ከጌጁ (የመሳቢያውን ጉልበት ከሚያሳየው መለኪያ) ንባብ የተንጠለጠለውን ክብደት ሁሉ ቀንሱ፤ ቀሪውን ለ37.7 አካፍሉ። ከዋዜማው የተደረገ ሙከራ አያስተማምንም፤ ሸክላ አፈር ካደረ መልሶ ይጨብጣል።

የምትስቡት 200 ሚሊ ሜትር ፒስተን ባላቸው ሁለት ጃኮች (በዘይት ግፊት የሚሠሩ ማንሻዎች) ከሆነ 862 ኪሎኒውተን 137 ባር ገደማ ይጠይቃል። ዘይቱ የሚገፋው በዘንጉ በኩል ከሆነ የዘንጉን ስፋት መቀነስ አትርሱ። ጉልበቱ ካልበቃ አቅም ከመጨመር በፊት በኦሲሌተር (ቱቦውን ጨብጦ በሚያወዛውዝ ማሽን) ግራና ቀኝ አዙሩት።

ኮንክሪቱና ፌሮው አብረው ይነሳሉ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከታች ባዶ ቦታ ይከፈታል፣ ፓይሉም ሊቆረጥ ይችላል። ፌሮው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ከፍ ካለ ወዲያውኑ አቁሙ። መንስኤው መጠንከር የጀመረ ኮንክሪት ወይም በኬሲንጉ ውስጥ የደረቀ የቀድሞ ሲሚንቶ ነው። ኬሲንጉን መልሳችሁ ዝቅ አድርጉ፣ አዙሩ፣ እንደገና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አሁንም አብሮ ከተነሳ ኬሲንጉን እዚያው መተው ይሻላል፤ ከአንድ ቱቦ አንድ ፓይል ይበልጣል። ለቀጣዩ፣ የሪታርደሩን (የኮንክሪቱን መጠንከር የሚያዘገየውን ኬሚካል) መጠን ከመጀመሪያው መኪና ቅልቅል እስከ መጨረሻው ሜትር ንቀላ ባለው ሰዓት ወስኑ፤ ውስጡንም አጥቡ።

መሃል ላይ ጉልበቱ ይጨምራል

ገመዱ ዘሟል ወይም ቱቦው ተጎድቷል። ውሃ ልኩን በሁለት አቅጣጫ እዩ።

የኮንክሪቱ ደረጃ ይወርዳል

ብረቱ የያዘውን ቦታ ስለሚሞላ በዚህ ኬሲንግ 57 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ካለፈ ከውጭ ክፍተት አለ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ሰብሮ እንዳይገባ መሳቡን አቁማችሁ ኮንክሪት ጨምሩ።