ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ታዳጊዎች የእንቁጣጣሽ ድግስ እንዴት ይዘጋጃል?

በአንድ ጤና ጣቢያ ከሚሰባሰቡ ታዳጊዎች ጋር ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። አብዛኞቹ ከነቫይረሱ የተወለዱ ናቸው። በየወሩ እንገናኛለን፤ በዓመት አንዴ ደግሞ እንደግሳለን።

ቀኑን ጳጉሜን ላይ አድርጉት። ትምህርት ገና አልተከፈተም፤ እንቁጣጣሽ ደግሞ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል ነው። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይበቃል።

የስም ዝርዝሩን የልጆቹን ሕክምና ከሚከታተለው ባለሙያ (ከኬዝ ማናጀሩ) ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እዩት። መድኃኒቱን "ለሳንባ ነው" ተብሎ የሚወስድ የ12 ዓመት ልጅ ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቫይረሱ እንዳለባቸው እንዲነገራቸው ይመክራል። የሚነግሩት ግን ቤተሰቡና አማካሪው ናቸው። በድግስ መሃል ከጓደኛው አፍ መስማት የለበትም።

ከባዱ ሥራ ሚስጥር መጠበቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኬክ አዘዝኩ። "ምን ተብሎ ይጻፍበት?" ሲሉኝ ሳላስብ የቡድኑን ሙሉ ስም ነገርኳቸው። ስሙ ውስጥ "ኤአርቲ" የሚል አለ፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሕክምና ማለት ነው። ኬኩን ተሸክሞ የመጣው ወጣት የአንዱ ልጃችን ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። በር ላይ ተገጣጠሙ። ልጁ መጀመሪያ ጎረቤቱን አየ፣ ቀጥሎ በሮዝ ክሬም የተጻፈውን አነበበ። ምንም ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። አራት ወር አልመጣም። ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ "ሲስተር፣ እኔ እኮ እዚያ ሰፈር ነው የምኖረው" አለኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ኬካችን ላይ "እንኳን አደረሳችሁ" ብቻ ነው የሚጻፈው። ባነር አናሠራም። የጥሪ ወረቀት አንልክም፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አከራይም ተከራይም ያነበዋል። ስትደውሉም ስልኩን ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም። ስለዚህ ምን እንደምትሉ ልጁን አስቀድማችሁ ጠይቁት። አንዱ ቤት "ከቴኳንዶ ነው" እንላለን፣ ሌላው ቤት "ከክበቡ"። ቦታውም ኤአርቲ ክፍል አጠገብ አይሁን። በዚያ በር መግባቱ ራሱ ብዙ ያናግራል።

ፎቶ ባይኖር እመርጣለሁ። ደብተር ሊሰጥ የመጣ ድርጅት ካሜራ ካላስገባሁ ካለ ደብተሩ ይቅር። ይህን ስል ብዙ ሰው ይቀየመኛል፤ ቢሆንም አልለውጠውም። አንድ ደርዘን ደብተር የልጅ ፊት አደባባይ ላይ የሚወጣበት ዋጋ አይደለም። ደብተሩ ሲገዛም የማንም አርማ የሌለበት ይሁን።

ምግቡ በያይነቱ ይሁን፣ በትልልቅ ትሪ። ሥጋ ከመጣ የክርስቲያን የሙስሊም ተብሎ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። የሚጣል ሳህን ይቀላል ይሉኛል። እኔ ግን አልወደውም፤ ከልጆቻችን መሃል እቤቱ ኩባያ የተለየበት አለ። ቫይረሱ በምግብ፣ በኩባያ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ይህን መቶ ጊዜ ከምንነግራቸው እኛው አብረናቸው ከአንድ ትሪ ብንበላ፣ ብንጎራረስ ይሻላል። ለስላሳ፣ ፈንዲሻ፣ ቡና ይኑር። ጠላ አይቅረብ።

ፕሮግራሙን ለራሳቸው ተዉላቸው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይሥላሉ፣ ከዚያ ሙዚቃው ይከፈታል። የሐኪም ንግግር አይኑር። ማንንም "እስኪ ታሪክህን ንገረን" ብላችሁ አታስነሱ። "ለበዓል ማን ልብስ ገዛላችሁ?" የሚል ጥያቄም ይቅር፤ እናትና አባት የሌላቸው አሉ።

የመጨረሻው፣ መድኃኒት ነው። በአገራችን በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ልጆች ለዚህ የበቁት በየቀኑ ስለሚወስዱት ነውና ለድግስ ተብሎ አንድም ቀን አይዘለልም። ድግሱ ካመሸ ብላችሁ የዕለቱን ኪኒን ይዘው እንዲመጡ ንገሯቸው። ባለፈው ዓመት ዝናብ ያዘንና 12 ሰዓት ሆነ። የአንዷ ስልክ አላርም ጮኸ። እንደለመደችው ተሽቀዳድማ ልታጠፋው ስትል የሌላው ጮኸ፣ ቀጥሎ የሦስተኛው። ተያዩና ሳቁ። አንዱ ሙዚቃውን ቀነሰው፣ አንዷ ውሃ በጆግ አመጣች፤ እዚያው ቆመው በሁላችንም ፊት ዋጡ።