ሽንት ሲያመልጥ፦ እናቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽንት ማምለጥ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ግን የሚታከም ነው። «እርጅና ነው» ብሎ መደበቅ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሌሎቹም የሚመጡት ከዚሁ ነው።

ውሃ መተው። ቅዳሴ ወይም ለቅሶ ቤት ላለመቸገር ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የማይቀምሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይጠቁርና ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ሆድም ይደርቃል፣ የሞላ አንጀት ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ሐኪም ካልከለከለ በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ይጠጡ፤ ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት ያቁሙ። የሚቀነሰው ቡናና ሻይ ነው። አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ይለፉ።

«ለማንኛውም» እያሉ ሽንት ቤት መመላለስ። ፊኛ በትንሹ መጣደፍን ይለምዳል። በየ1 ሰዓቱ የሚሄዱ ከሆነ 15 ደቂቃ ጨምረው ይቆዩ፤ በየሳምንቱ ሌላ 15 እየጨመሩ ወደ 3 ሰዓት ያድርሱት። ሲያጣድፍዎ አይሩጡ፣ በተለይ ሌሊት፤ መውደቅና የዳሌ ስብራት አለ። ቁጭ ይበሉ፣ ቀጥሎ የምንገልጸውን ጡንቻ 5 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርገው ይሳቡ፣ ጥድፊያው በረድ ሲል ይሂዱ።

ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ የሚያጠነክረውን ስፖርት አሳስቶ መሥራት። ብዙዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ጡንቻው ፊኛንና ማህፀንን ከሥር የሚደግፈው ነው። ፈስ እንዳያመልጥ እንደሚይዙ ሰብሰብ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። እንደ ምጥ ወደ ታች ከገፉ ያባብሱታል። ትንፋሽ አይያዙ፤ መቀመጫና ጭን አይጠንክር። 3 ሰከንድ ይዘው 3 ሰከንድ ይልቀቁ፣ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ያሳድጉ። በአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን ልምምድ አያድርጉት፣ ሽንት ይቀራል። ለውጡ እስከ 3 ወር ይፈጃልና በ2 ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። ከማሳልዎና እንስራ ከማንሳትዎ በፊትም ጡንቻውን ይሳቡት።

በሞዴስ ብቻ መኖር። የወር አበባ ሞዴስ ሽንትን ቶሎ አይመጥም፤ እርጥበቱ ቆዳ ይልጣል። ለሽንት የተሠራውን ይጠቀሙ፤ ካልተገኘ ንጹሕ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ ታጥበው ካደረቁ በኋላ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ።

የሚያሸና የደም ግፊት ወይም የልብ ኪኒን በራስ ማቆም አደገኛ ነው። ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ምልክትን መናቅ። ሽንት ሲያቃጥል፣ ደም ሲቀላቀልበት፣ ውሃ ጥም ሲበዛ (ስኳር ሊሆን ይችላል) ወይም ከብልት የሚወጣ እብጠት ሲኖር ይመርመሩ። የማህፀን መውጣት ከሆነ የሚደግፍ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና አለው።

ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከከባድ ምጥ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጀመረ፣ ፌስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ስፖርት አይደፍነውም። በ1974 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባው ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት አሉት። ምጡ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቢሆንም ይሂዱ።