ፈረስ በዝናብና በብርድ ከተጋለበ በኋላ እንዴት ይደርቃል?

ደብረ ብርሃን፣ እንጅባራ ወይም ዶዶላ አካባቢ በክረምት የሚጋልብ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ ያውቀዋል። ቤት ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው እሳቱና ቡናው ላይ ነው። እባካችሁ ፈረሱን አስቀድሙ። ፈረስ ብርድ ይችላል፤ ጠጉሩ ደረቅ ከሆነ በመሃሉ አየር ይዞ ያሞቀዋል። ሲርስ ግን ጠጉሩ ቆዳው ላይ ይለጠፋል፣ ከሥር ላብ ከላይ ዝናብ ሆኖ ነፋስ ሲጨመርበት ሙቀቱ ተሟጦ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። የመጨረሻውን 10 ወይም 15 ደቂቃ አታስሩጡት፣ በእርምጃ ይምጣ። ከቻላችሁ ውረዱና የሆድ ማሰሪያውን ትንሽ አላልታችሁ እየሳባችሁ ሂዱ። ትንፋሹ ተረጋግቶ ቤት ይደርሳል።

ከዚያ ነፋስ የማይመታው ቦታ አስገቡትና ኮርቻውንና ከሥሩ የሚነጠፈውን ጨርቅ፣ ግላሱን፣ አውርዱ። ውሃውን በእጃችሁ ጠርዝ ከአንገቱ ጀምራችሁ ወደ ታች ጥረጉት። አሁን ድርቆሽ በእፍኝ ያዙና ጠምዝዙት፣ በሱ እሹት፤ መጀመሪያ ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን። ድርቆሹ ሲርስ ጣሉና ሌላ ያዙ። ኮርቻ ያረፈበትን፣ ደረቱን፣ ብብቱንና ሽንጡን አትዝለሉ። ክንድ ያደክማል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጠጉሩ ቆም ቆም እስኪልና ከጀርባው እንፋሎት መነሳት እስኪጀምር ድረስ ቀጥሉ። ጆሮውንም ከሥሩ እስከ ጫፉ በእጃችሁ አሹት። ጆሮው ከሥሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ፈረሱ ገና አልሞቀም ማለት ነው።

እያሻችሁ ጀርባውን እዩ። እብጠት ካለ፣ ጠጉሩ ከተላጠ ወይም ስትነኩት ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከሸሸ፣ እስኪድን ኮርቻ አይጫንበት። ፈረስ ገጣባ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ምልክት ዓይተው እንዳላዩ ሲያልፏት ነው።

እርጥብ ጀርባ ላይ ላስቲክ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት አታልብሱ፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ይልቅ ጀርባው ላይ ደረቅ ገለባ በትኑና የቃጫ ጆንያ ደርቡበት። እርጥበቱ በገለባው መሃል ወደ ላይ ይወጣል። ጠጉሩ ሲደርቅ ገለባውን አራግፉና ሌላ ደረቅ ልብስ ቀይሩለት።

እግሩን አንሱና ሰኮናውን ከተረከዙ ወደ ፊት ጥረጉ፤ መሃል ላይ ያለውን ለስላሳ ክፍል ግን አትውጉት። በጎኑ ካለው ስንጥቅ የሚሸት ጥቁር ነገር ከወጣ መበስበስ ጀምሯል፣ መኝታው ደረቅ መሆን አለበት። ከተረከዙ በላይ ያለውን ቆዳም በጨርቅ አድርቁ፣ ጭቃ ከቆየበት ይሰነጠቃል።

መኖ ላይ ብዙ ሰው ገብስ ቶሎ መስጠት ይወዳል። እኔ ድርቆሽ ይቅደም እላለሁ። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ይሰጣል። ገብሱና ፉርሽካው ሰውነቱ ከተረጋጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድረስ። ውሃው ለብ ያለ ቢሆን ይሻላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ትንሽ ቀምሶ ይተወዋል፣ ውሃ ያነሰው ፈረስ ደግሞ ለሆድ ድርቀትና ለቁርጠት ይጋለጣል።

ኮርቻና ልጓም እሳት ዳር አይደርቁም፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይንካቸው። ግላሱ በደንብ ሳይደርቅ በማግስቱ ከተጫነ ጀርባውን ይልጠዋል።

ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ እዩት። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ደርቆና በልቶም መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ መኖ ከጠላ፣ መሬት እየጫረ ጎኑን የሚያይ ወይም የሚንከባለል ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ጥሩ። ከቀናት በኋላ ጀርባው ላይ ጠጉር የያዘ ቅርፊት ብታገኙ ደግሞ እርጥበት የሚያመጣው የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ብሩሹንና ግላሱን ለሌላ ፈረስ አታውሱ።